ግማሽ ኩንታል ሰይፍ

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሰይፍ ማን ያነሣዋል? ስለ ዘንዶው አልከራከርም። ዘንዶ አለ ካላችሁ አለ። ጠንቋዩ ከጣቱ መብረቅ ቢተኩስም ዝም እላለሁ፤ እኛም አገር ስንት ሲባል ሰምተን አድገናል። ድንጋዩ ቢናገር፣ የሞተው ቢነሣ፣ ሴትዮዋ ክንፍ ብታበቅል ግድ የለኝም። ሰይፉን ግን አላልፈውም። ዘንዶ አይቼ አላውቅም፤ ስለት ግን ይዤ ነው የኖርኩት።

ጣጣው የመጣው በልጅ ልጄ ነው። መርሳ ላይ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት ቤት አለ፤ ገበያ በወረድኩ ቁጥር ሽንኩርቱን ከመግዛቴ በፊት ልጁን ከዚያ ቤት ጎትቼ ማውጣት አለብኝ። አብዛኞቹ ልጆች ኳስ ነው የሚጫወቱት። ይሁን፤ ኳሱ ቢያንስ ኳስ ያክላል። የኔው ጉድ ግን «ፋይናል ፋንታሲ» ከሚሉት የጃፓን ጨዋታ ፊት ተተክሎ ነው የማገኘው። እዚያ ውስጥ ክላውድ የሚባል፣ ፀጉሩ የቆመ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ቁርስ የበላ የማይመስል ጎረምሳ አለ። ጀርባው ላይ ያዘለው ሰይፍ የቤቴን በር ያክላል። ክላውድ ያለበት ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በ2020 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሥዕሉ አምሯል፤ የልጁ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ሰይፉ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ሁሉ ሠዓሊ መሀል «ጎበዝ፣ ይሄ ነገር አልበዛም?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚዛን ሥር ነው። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የመስክ ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽላው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል። አንድ ግራም ጎደለ ብለው ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ሰዎች መሀል የኖረ ሰው ዓይን፣ ያን ሰይፍ አይቶ ዝም አይልም። ስለዚህ መዘንኩት። ልጁን እስክርቢቶና ደብተር አስያዝኩና ቁጭ አልን። ቁመቱን ራርተንለት አንድ ሜትር ከሃምሳ አደረግነው፤ ወርዱን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱን አንድ ሳንቲ ተኩል። ብረት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ስምንት ግራም ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ተባዝቶ ሲወጣ 53 ኪሎ መጣ። እጀታው ሳይጨመር!

ግማሽ ኩንታል ማሽላ ማለት እኮ ነው። ግማሽ ኩንታል ማሽላ ከወፍጮ ቤት አምጣ ሲባል «ባጃጅ ይጠራልኝ» የሚል ልጅ፣ ክላውድ ያንን በአንድ እጁ ሲያሽከረክር አይቶ «አሪፍ ነው» ይለኛል። ምኑ ነው አሪፍ? የክላውድ ወገብ ነው የሚያሳስበኝ።

የእውነት ሰይፍ ስንት የሚመዝን ይመስላችኋል? ፈረንጆች ጥሩር ለብሰው በሁለት እጃቸው የሚይዙት ረጅሙ ሰይፋቸው እንኳ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ አይርቅም ነበር። ሰው የሚያህለው የጀርመኖቹ ትልቁ ሰይፍ ቢሆን ሁለት ሦስት ኪሎ ነው። ሰይፍ የያዘ ሰው ይደክመዋል። አንዴ ስቶ ከሰነዘረ ክብደቱ ይዞት ይሄዳል፤ እስኪመለስ ድረስ ማዶ ያለው ሰው ቆሞ አይጠብቀውም። ይህን ለማወቅ ተዋጊ መሆን አያስፈልግም። ከጧት እስከ ማታ ማሽላ ያጨደ ሰው ያውቀዋል፤ ከባድ ማጭድ የያዘ ረፋድ ላይ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

ደግሞ ጀርባ ላይ ማዘሉ! እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። ከክንድ የረዘመ ስለት ከትከሻ በላይ ስቦ ከአፎቱ ማውጣት አይቻልም፤ ጫፉ ሳይወጣ ክንድ ያልቃል። ጨዋታ ሠሪዎቹ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ መፍትሔ ብለው ያገኙት አፎቱን ጭራሽ መጣል ነው። ጀግናው ራቁቱን ስለት በጀርባው አዝሎ ይሮጣል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ መሰላል ይወጣል። ገላው ላይ ግን አንዲት ቧጨራ የለችም። የኛ ሰዎች በቀኝ ጎናቸው ነበር የሚታጠቁት። ግራ እጅ ጋሻ ይዟል፤ ታዲያ ከጋሻው ሥር ገብቶ ከግራ ጎን ስለት ለመምዘዝ ምን ያታግላል? አየህ፣ ሰው አስቦበታል።

እንዲህ እየተነጫነጭኩ ሳለ ነው ሾተሉን ያሳየሁት። ከአባቴ የቀረ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጢስ ጠግቧል። እጀታው ተራ እንጨት ነው፤ እጅ የሚከልል ብረት የለውም። ስለቱ በሁለቱም ወገን ነው። ከእጀታው ጥቂት ቀጥ ብሎ ይወጣና መታጠፍ ይጀምራል፤ ግማሽ ክብ ሊሠራ ምንም አይቀረው። ልጁ ገና ሲያየው ጮኸ።

«አባባ! ይሄ እኮ ኤልደን ሪንግ ላይ አለ!»

«የት ላይ?»

«ጨዋታው ላይ። ስሙም ሾተል ነው።»

ወላሂ መጀመሪያ አላመንኩትም። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም ሾተል። የጃፓን ሰዎች፣ ከዚያ ዳር ሆነው፣ የኛን ሾተል ስሙን እንኳ ሳይለውጡ ወስደውታል። ደስ አለኝ አልልም፤ ተቆጣሁም አልልም። መነጽሬን ብቻ አስመጣሁ።

ሾተል ለምን እንደተጣመመ ለማያውቅ ላስረዳ። ጠላት ከፊትህ የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ጋሻ ይዞ ቆሟል። ቀጥ ያለ ሰይፍ ብትሰነዝር ጋሻው ላይ ያርፋል፤ ድም ብሎ ይመለሳል። ሾተል ግን የጋሻውን ጠርዝ ይዞርና ከኋላ የተሸሸገውን ሰው ይፈልገዋል። ያ ጥምዝ ሁሉ ለዚህ ነው። ጋሻውን የማያስብ ሰው ሾተልን ቢያይ ቀጥቃጩ ጠጥቶ ነበር ይላል። ደግሞም ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን፣ በ1884 ስለ ሰይፍ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ሾተላችንን አጥብቆ አማሮታል። መያዣው ጠባብ ነው፣ ከአፎቱ ለማውጣትም ያስቸግራል ብሎ። የመያዣውን ነገር አልክደውም፤ የኔም መዳፍ በቅጡ አይገባበትም። አፎቱም እውነት ነው፤ የተጣመመ ነገር ከተጣመመ ነገር ውስጥ ሲወጣ ዕድሜ ይፈጃል። ግን ጋሻውን አንሥቶ ማዶ የሚቆመው እሱ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ምን እንደሚጽፍ አይ ነበር።

እንግዲህ እኔ እንግዳ ነገር ሁሉ አልጠላም። ከሾተል የበለጠ እንግዳ ነገር የለም፤ ፈጥሬ ልሣለው ብል አይታሰበኝም። ጥምዝነቱን ያመጣው ግን ማዶ የቆመው ሰው ነው። ያ የክላውድ ሰይፍ ማን ስለቆመበት ነው እንዲያ የሰፋው? ይህን ስጠይቅ ልጁ ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ጭራቁ ትልቅ ነዋ፣ አባባ።»

ለጊዜው መልስ ጠፋኝ። ጭራቆቹ እውነትም ትልልቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ «ሞንስተር ሃንተር» የሚባል ሌላ የጃፓን ጨዋታ አለ አሉ፤ ሥራው ሁሉ ግዙፍ አውሬ ማደን ነው፤ ሰይፉም በዚያው ልክ። ማታ ተኝቼ ነው መልሱ የመጣልኝ። ጠላት ትልቅ ከሆነ ጦር ይዘህ ራቅ ብለህ ትቆማለህ እንጂ፣ ሰይፍ አሳድገህ እግሩ ሥር ትገባለህ እንዴ? ጧት ስነግረው ረስቶታል።

ሾተሉን ግን በየጨዋታው እየዞርኩ አየሁት። «ዳርክ ሶልስ» በሚባለው፣ የኤልደን ሪንግ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት፣ በሾተል ጠበቅ አድርገህ ስትመታ ጋሻ ያነሣውን ጠላት ጋሻውን አልፎ ያገኘዋል። እዚህ ላይ አመሰገንኳቸው። ከጃፓን ማንም ሳይመክራቸው ነገሩ ገብቷቸዋል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በሚባለው ውስጥ ደግሞ በ2015 ኢትዮጵያውያን ገብተው ሾተል የያዙ ወታደሮች ተሰጥተዋቸዋል፤ በጥቂት ሰከንድ ይሠለጥናሉ፣ ምታቸው ከባድ ነው፣ ትጥቃቸው ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ። ስለ እኛ ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ነው እውነቱን የቀረበው። በ1995 በወጣው የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም፣ «ጋንዳም ዊንግ» በሚሉት፣ ፎቅ የሚያህል የብረት ሰው ሁለት የጋሉ ሾተሎች ይዞ ይዞራል። ማዶ ያለውም የብረት ሰው ነው፤ ጋሻውን ለማቅለጥ ከሆነ ቀጥ ያለውስ ምን አደረገ?

ከሁሉ ያሳመመኝ ያው በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ነው። ተራውን ሾተል አስቀምጠው አጠገቡ ሌላ ጨመሩ፤ የፀሐይ ግርዶሽ ሾተል። ባለቤቱ ሲያዝዘው ከጨለመችው ፀሐይ እሳት ይቀበልና ስለቱ ይነዳል። ልጁ ይህን ሲያሳየኝ ዓይኑ ይንቦገቦጋል። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፎቱስ? ቆዳ አይደለም እንዴ? አይቃጠልም? «አባባ፣ አስማት ነው» አለኝ። አስማት ከሆነ ጋሻውን በአስማት አልፎ አይሄድም? ምን አጣመመው? አንዱን ምረጡ፤ ወይ ጥምዙ ይሥራ፣ ወይ እሳቱ ይሥራ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንደኛው ሥራ ፈቶ ደመወዝ የሚበላ ነው።

የሚገባቸውም አሉ፤ መንጫነጭ ብቻ እንዳይሆንብኝ። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ የእኅቴ ልጅ ላፕቶፑ ላይ «ኪንግደም ካም» የሚባል አሳየኝ። ቼኮች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ነው፤ ታሪኩ በ1403 ቦሄሚያ ውስጥ ነው። ዘንዶ የለበትም። ሄንሪ የሚባለው ጀግናቸው የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ሲጀምር ሰይፍ መያዝ አያውቅም፣ ይደክመዋል፣ ያለከልካል። ሰይፉ ሲደንዝ መሳያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድንጋዩን እያሽከረከረ፣ ስለቱን አጋድሞ መሳል አለበት። አንግሉን ከሳተ ይበላሻል! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ፊት አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። የኔው ልጅ ግን ጥቂት አየና አዛጋ። «ይሄማ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ ነው እንዴ?» አለ። ይሄን የሚለው ቤት ያለውን ማጭድ አንድ ቀን ስሎ የማያውቅ ልጅ ነው።

ያን የቀጥቃጭ ልጅ ሳይ ግን ሌላ ነገር ነው የቆረቆረኝ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ ጦሩን የሠራልንን ሰው እኛ ቡዳ ስንለው ነው የኖርነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ወዮለት ብለው ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ዐዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ ወይ ብትሉኝ ዝም እላለሁ። ቼኮቹ ታዲያ ወናፍ ሲነፋ ያደገውን ልጅ አንሥተው ጀግና አደረጉት።

ልጁ የዋዛ አይደለም። ትምህርት ቤት ስለ መቅደላ የተማረ ዕለት ደስ ብሎት መጣ። «አባባ፣ ሴባስቶፖልስ?» አለኝ። አንጀቴን ነው የበላኝ፤ በገዛ አገራችን፣ በወሎ ምድር ያለውን ነገር አንሥቶ።

እውነቱን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን አስቀምጠው፣ መድፍ ሥሩልኝ ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖልን አስወጡ። ሰባ ኩንታል! ያን ብረት በሺ ሰው ጉልበት፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ገደል እየተደለደለለት፣ ግማሽ ዓመት ያህል ተጎትቶ መቅደላ አወጡት። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ስናይደር የሚባል ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ። አንድ ወታደር ትከሻው ላይ አንጠልጥሎት የሚሄድ ቀላል ነገር ነው። አሮጌ ሜዳ ላይ ያለቀው የኛ ሰው ነው፤ ሴባስቶፖል ለዚያ ቀን አልሆነም። እንግሊዞቹ የመቅደላን ንብረት በዐሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ ጭነው ሲወርዱ ሴባስቶፖልን ማን ያንሣው? እስካሁን እዚያው መቅደላ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

«ታዲያ ቴዎድሮስም ትልቅ ሰይፍ ነበር የፈለጉት» አለኝ ልጁ።

«መድፍ ሌላ፣ ሰይፍ ሌላ!» ብዬ ተቆጣሁ። ውስጤ ግን ገብቶታል። ይሄ የማጋነን ነገር ከጃፓን አልመጣም። የአንበሳ ጎፈር ራስ ላይ መድፋት፣ ለምድ ትከሻ ላይ መጣል፣ ጋሻውን ከፋይ አልብሶ ብር መለጠፍ የኛው ነው። መኳንንቱ የሚኮሩበት ጎራዴ እንኳ ስለቱ ብዙ ጊዜ የተሠራው ጀርመን ዞሊንገን ወይም እንግሊዝ ነው፤ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበት፣ በአማርኛ ተጽፎበት ይመጣል። ፎካሪው ተነሥቶ መሬት ሲመታ ሚዛን የሚያወጣ ሰው አልነበረም። አንድ የገደለ ዐሥር ቢል «አልበዛም?» የሚለው ቢኖር ከግብሩ ይባረር ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽንፈት አይደለም ይሄ። ያ ብር የተለጠፈው ሥራውን በሚሠራ ጋሻ ላይ ነው። ብሩን ብትልጠው ከፋዩን ታገኛለህ፣ ከፋዩን ብትገፈው የጉማሬ ቆዳ ታገኛለህ። የክላውድን ሰይፍ ብትልጠው ምን ታገኛለህ? እንደገና ክላውድን።

ልብስ ካነሣን አይቀር የጎረቤቴን ልጅ ጉድ ልንገራችሁ። እሱ ሰይፍ አይደለም፣ ስልኩ ላይ ፐብጂ ነው የሚጫወተው። ጠመንጃ የሞላበት ነው፤ ጠመንጃዎቹም እውነተኞች ናቸው፣ ልክ ናቸው፣ እኔ እንኳ የማውቃቸው አሉበት። ይሄ ይሻላል ልል ስል «ስኪን» የሚሉትን አሳየኝ። ለጠመንጃ የሚገዛ ልብስ! ኤም 416 የሚሉት ጠመንጃ በረዶ ለብሶ ይመጣል፤ ግሌሸር ነው ስሙ። ሲሪንቃ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ላቡን እየጠረገ፣ በረዶ የለበሰ ጠመንጃ ያልማል። «በረዶው ጥይቱን ያፈጥነዋል?» አይ። «ከባድ ያደርገዋል?» አይ። «ታዲያ ምን ይሠራል?» «ያምራል።» በእውነተኛ ብር ነው የሚገዛው። የአባቱ ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ካጣ ሳምንት ሆኖታል።

በነገራችን ላይ፣ የኔው ልጅ የጠመንጃውን ጨዋታ አይወድም። አንድ ቀን ሰይፍህ ውሸት ነው፣ መሣሪያ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነው ስለው «አውቃለሁ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ይዞ፣ እስከ 2014 ታኅሣሥ እዚሁ በከረመ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ የቱ ሩቅ፣ የቱ ቅርብ እንደሆነ መለየት የተማረው ያን ጊዜ ነው፤ ከኔ ፈጥኖ ይለይ ነበር። ልክ፣ ክብደት፣ እውነት እያልኩ የማደርቀው ልጅ የእውነቱን ሳይፈልግ ጠግቧል። ማንም የማያነሣው ሰይፍ፣ ማንንም አይገድልም ብሎ ይሆን የመረጠው? አልጠየቅሁትም። ስለ አፎቱ ነገር መነጫነጬን ቀጠልኩ፤ እሱም የለመደው ያንን ነው።

ለማንኛውም እኛም ጨዋታ ሠሪዎች አሉን፤ ቅኔ ጌምስ የሚባሉ አዲስ አበባ ውስጥ «ኩኩሉ» የምትባል ጨዋታ ሠርተዋል። ገበሬው ሊይዛት የሚያሯሩጣት ዶሮ ናት። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ገበሬው ይከተላል። ይሄን ወድጄዋለሁ፤ በየቀኑ ደጄ ላይ የማየው ነው። እናም ለልጁ አንድ ሐሳብ ሰጠሁት። ትልቅ ስትሆን ከነሱ ጋር ትሠራዋለህ፣ አሁን ጻፈው አልኩት። ደብተሩን አወጣ።

ቦታው ሲሪንቃ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ማሽላው እሸት ይዟል። ማማ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። መሣሪያው ወንጭፍ ነው፤ ሌላ ምንም። ገመድ፣ የድንጋይ ማረፊያ፣ ድንጋይ። ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ከኪስህ ይገባል። ግሪሳው ከቆላ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል። ልጁ ወንጭፉን ሁለቴ ያዞራል፣ አንዱን ጫፍ ይለቃል፣ ቋ! ይላል ገመዱ። ወፉ ይነሣል። ወጥቶ ሌላ ማሳ ላይ ያርፋል፣ ይመለሳል። ይሄው ነው ጨዋታው፤ ከጎሕ እስከ ምሽት።

«እና መጨረሻው ምንድን ነው?» አለ ልጁ።

«ማሽላው ይታጨዳል።»

ዝም ብሎ አየኝ። እስክርቢቶው አልተንቀሳቀሰም። እንግዲህ ድንጋዩ ከወንጭፉ ሲወጣ ብልጭ ቢል ምንም አይደለም አልኩት፤ ባልጩት ድንጋይ እኮ በራሱም ብልጭ ይላል። ጻፈ። ቋ ሲል ደግሞ ድምፁ ከተራራው ተመልሶ ይምጣ፤ ይሄም ያለ ነገር ነው። ጻፈ። አመሻሹ ላይ አንዲት እናት ግሪሳ ትምጣ፤ ከሌሎቹ ከፍ ትበል። «ምን ያህል?» እንግዲህ፣ በግ ታክል። በግ ምን ያደርጋል፣ በሬ ታክል። ኧረ ማማውን ታክል! ክንፏን ስትመታ የሲሪንቃ ማሽላ በሙሉ መሬት ይተኛ፤ ዓይኗ ይቅላ፤ ያን ጊዜ ልጁ ከማማው ሥር አያቱ የቀበሩለትን ወንጭፍ ያወጣል፣ ገመዱ እሳት...

ልጁ ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ።

«ምን ታያለህ?» አልኩት። «ጻፍ እንጂ!»